እናቴ የውሻውን ምግብ ለቡና ቁርስ አቀረበችው!

ዛሬ የማጫውታችሁ ገጠመኝ የራሴ ነው። ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እኔም «ወሬ አሳማሪ» ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ በእኔው ላይ ደረሰ። ያውም በንግሥ ሰሞን፣ ያውም በጾም ቀን፣ ያውም በጎረቤት ፊት! መሳቁን ሳቁ፤ አልቀየማችሁም። ቤታችሁ ውሻ ካለ ግን ቁም ነገሯን እንዳትዘነጓት አደራ።

እናቴ የምትኖረው አምባሰል፣ ከግሸን አምባ ግርጌ ነው። ስለ ግሸን ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉባት፣ መስቀለኛ ቅርጽ ያላት ተራራ ናት። በጥንቱ ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተግዘው የሚኖሩባት አምባ ነበረች። ዙሪያዋ ገደል ስለሆነ ሽቅብ የሚሄደው እህል ሁሉ በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነበር የሚወጣው። ለዚህ ይመስለኛል የእኛ አገር ሰው ስንቅ ሲል ደረቅ ነገር ማለቱ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። እናቴም «ውሃ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሞኝ ነው» ትላለች። ይችን አባባሏን ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

እናቴ ብቻዋን ናት። አባታችን ካረፈ ወዲህ «አዲስ አበባ ነይ» ብንላት፣ ብንለምናት፣ አሻፈረኝ ብላለች። አጫዋቿም ዘበኛዋም አንበሶ የሚባል ውሻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ስትደውል ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«አንበሶ እንዳልነበረ ሆኗል» አለችኝ። «ጎድኑ ገጥጧል። ትናንትና ሌሊት ጅብ ጠቦቴን ከደጅ ሲወስድ ቀና እንኳ አላለም።»

ስለ ጠቦቱ አይደለም ያሰብኩት። አንዲት አሮጊት፣ አንድ የሳንቃ በር፣ ከበሩ ወዲያ ጅብ! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እኛ አዲስ አበባ ያለነው ደግሞ በዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ውሻ ነበረን። የሚበላውም ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን፣ ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ ምግብ ነበር። ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ወገቡ እንደ በርሜል ነው። «ተመችቶት ነው» እንል ነበር። እናማ «ይኼንን ለአንበሶ ባደርስለት እኮ ይነሳልኛል!» አልኩ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ለንግሥ ልሄድ ስነሳ ከትልቁ ከረጢት ሦስት ኪሎ ያህል በፌስታል ቀዳሁና ከስኳሩ፣ ከሳሙናውና ከቡናው ጋር ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ከረጢቱን እዚያው ትቼው መጣሁ። ማን ይሸከመዋል?

እሁድ መስከረም 20 ቀን እናቴ ቤት ደረስኩ። ዕቃውን አራግፌ፣ ስሜያት፣ አንበሶን እንኳ በቅጡ ሳላየው ከመንገደኞቹ ጋር ወደ አምባው ወጣሁ። ንግሡ ሰኞ ነበር። ወርጄ የተመለስኩት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቤቱ የቡና ሽታ ሸቶታል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጾም ተፈቷል። ሦስት ጎረቤቶች ረከቦቱን ከበው ተቀምጠዋል። መሐላቸው ላይ ሰፌድ። ሰፌዱ ላይ... ወይ ጉድ! ክብ ክብ፣ ቡናማ፣ ደረቅ ያለ ነገር ተቆልሏል።

«ና ግባ የኔ ጌታ!» አለችኝ እናቴ በኩራት። «ያመጣህልኝን ዳቦ ቆሎ እየቃመስን ነው።»

«ጨው ያንሰዋል እንጂ ጥሩ ነው» አሉ አንዲቱ ጎረቤት።

«የፈረንጅ ዳቦ ቆሎ ስለሆነ ነው» ብላ እናቴ ተከራከረችልኝ።

እግሬ መሬቱ ላይ ተተከለ። ዝም ልበል ወይስ ልናገር? ሰፌዱ ገና አላለቀም። «እማዬ፣» አልኩ፣ «እሱ እኮ የአንበሶ ነው።»

«የአንበሶ ማለት?»

«የውሻ ምግብ ነው።»

ሲኒ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። እናቴ ግን ገና አልተቆጣችም፤ ሌላ ነገር ነበር የምታሰላው። «ምን አለበት?» አለችኝ።

«እ... ሥጋም ሳይኖርበት አይቀርም።»

«በረቡዕ!» ብላ ጮኸች። «ጾም አስገደፍከኝ! እናትህን ጾም አስገደፍካት!»

ይኼን ጊዜ ከጎኗ የተቀመጡት እትዬ፣ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። እሳቸውና እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቡና ተለያይተው አያውቁም። ቁጣ አልነበረባቸውም። ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ የምን ሥጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አንባቢያን፣ ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። አምስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት ነገር፣ ውስጡ ምን እንዳለበት አላውቅም! ገዝቼ የነበረው ፊት ለፊቱ ላይ ያለውን የውሻ ሥዕል ነው።

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁና ለባለቤቴ ደወልኩ። «ከረጢቱን ገልብጪና ጀርባውን አንብቢልኝ» አልኳት። መጀመሪያ ሳቋን ጨረሰች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። «የዶሮ ሥጋ ዱቄት... በቆሎ... ስንዴ... የእንስሳት ስብ...»

«የየትኛው እንስሳ ስብ?»

«የእንስሳት ስብ ነው የሚለው። ሌላ የለም።»

«ደህና እይው እስቲ!»

«የለም አልኩህ እኮ። ቆይ ግን... አንተ! ከፊት ለፊቱ ‹ለቡችላ› ይላል!»

አያችሁልኝ? ውሻችን ሕፃን ሳለ የገዛነውን ዓይነት፣ አድጎ አምስት ዓመት ሲሆነውም ያንኑ እየገዛን ነበር። ከረጢቱ አልዋሸንም፤ በትልቁ ጽፎታል። ያላነበብነው እኛ ነን። የወገቡ በርሜልነት ምቾት ሳይሆን ለሚያድግ ቡችላ የታሰበ ስብና ጉልበት ኖሯል።

ተመልሼ ለእትዬ እውነቱን ነገርኳቸው። «ዶሮ እንዳለበት ተጽፏል፤ ስቡ ግን የምን እንደሆነ አልተጻፈም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን አዩ። «ሳላውቅ የቀመስኩት ነው፤ አላህ ያውቃል። አብሽር» አሉኝ። ቀጥለው ግን «የማታውቀውን ነገር ሰው ቤት አታግባ፣ ልጄ» አሉና ተነሱ። ያን ዕለት ሦስተኛውን ሲኒ ሳይጠጡ ሄዱ። እናቴ ሲኒያቸውን ሳታጥበው እስከ ማታ አስቀመጠችው። እኔን ያመመኝ ከቁጣዋ ይልቅ እሱ ነው።

ማታ ደግሞ ሌላ መጣ። የከረጢቱን ዋጋ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዝም አለች፣ ዝም አለች። «በ1977 እዚህ በር ላይ ሰው እፍኝ ጥራጥሬ አጥቶ ሲወድቅ አይቻለሁ» አለችኝ። «ለውሻ አትስጥ አልልህም። አንበሶ ባይኖር እኔም የለሁም። ግን የምትሰጠውን እወቅ።» መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። «የምትሰጠውን እወቅ» ያለችውን ግን ሕግ አድርጌዋለሁ።

በነጋታው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዤ መጣሁ። ወጣት ልጅ ነው። የአንበሶን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ድዱን አየ፤ ነጥቷል። «ምን ይበላል?» አለ። እናቴ አፍ ሞልታ ዘረዘረችለት፤ የተረፈ ወጥ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ በግ ሲታረድ ደግሞ ሳንባና ጉበት። በተለይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ መሳይ ነገር ያለበት ከሆነ ለሰው ስለማይሆን ጥሬውን ለእሱ ይጣልለታል።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ ስለ ወጡ ተናገረ። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም መርዝነታቸው አይለቅም። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 300 ግራም ማለት ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ምንድነው? ሽንኩርት! በንግሥ ሰሞን የእንግዳ ድስት ጠራርጎ የሚበላ ውሻ እዚህ መጠን ላይ ለመድረስ ብዙም አይቸገርም።

የሚያስፈራው ግን ሁለተኛው ነው። ያ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የጥገኛ ትል መኖሪያ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ሆዱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይራባሉ፤ እንቁላላቸውም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻውን ዳብሳ እጇን ሳትታጠብ እንጀራ የቆረሰች እናት እንቁላሉን ልትውጠው ትችላለች። ከዚያ ያው ፊኛ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት በዝምታ ያድጋል፤ አንዳንዱ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ሃይዳቲድ የሚባለው በሽታ ነው። እናቴ ይኼን ስትሰማ እጇን አየችው። እኔም እጇን አየሁት። «አንበሶን ላድን» ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ለካ ነገሩ እናቴን ማዳን ኖሯል።

ልጁ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሰጠውና በየሦስት ወሩ እንዲደገም አዘዘ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ቀን ቆረጠለት። ሳንባና ጉበት ከተሰጠ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተንተክትኮ ይብሰል፤ ፊኛ ያለበት ከሆነ ግን ይቀበር እንጂ ለውሻ አይጣል አለ።

እኔም አዲስ አበባ ተመልሼ ትምህርት ጀመርኩ። ከመጻሕፍትም ከሐኪሞችም የለቀምኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዕድሜውን እዩ። አንድ ዓመት ያለፈው ውሻ (በጣም ግዙፍ ዝርያ ከሆነ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል) ከረጢቱ ላይ «አደልት» የሚል ይፈለግለታል። ቀጥሎ «ኮምፕሊት» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ለብቻው የሚበቃ የተሟላ ምግብ ነው ማለት ነው። «ኮምፕሊመንተሪ» ወይም «ስናክ» ካለ መክሰስ ነው፤ ለዘወትር አይሆንም። ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ሲጻፉ መንታ ይመስላሉ፤ እንዳትሸወዱ!

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን አንብቡ። አፍኮ የተባለው የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ለአዋቂ ውሻ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ፕሮቲን 18 በመቶ፣ ስብ 5.5 በመቶ ነው። ለቡችላ 22.5 እና 8.5 ነው። እዚህ ላይ የእናቴ አባባል ትምጣልን፤ ውሃ ተሸክማችሁ ዳገት አትውጡ! ቁጥሩ የሚሰላው ውሃው ወጥቶ ነው። ደረቁ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ «ፕሮቲን 18» የሚል ደረቅ ምግብ ውሃው ሲቀነስ 20 ይሆናል። የጣሳው ምግብ ግን ሦስት አራተኛውና ከዚያ በላይ ውሃ ነው። 78 በመቶ ውሃ ያለው ጣሳ «ፕሮቲን 8» ቢል ውሃው ሲወጣ 36 ነው። ሁለቱን እንዳለ ማወዳደር በሶን ከተበጠበጠ በሶ ጋር መመዘን ነው።

ሦስተኛ፣ ዝርዝሩን እዩ። የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙው ከፊት ይቀድማል። ግን «ትኩስ ዶሮ» ቀድሞ ቢጻፍ የተመዘነው ከነውሃው ነው። «የዶሮ ሥጋ ዱቄት» ደግሞ ደርቆ የተመዘነ ስለሆነ ሁለተኛ ቢጻፍም ፕሮቲኑ ሊበልጥ ይችላል። የእትዬንም ጥያቄ አትርሱ፤ የምን ሥጋ? የምን ስብ? «ዶሮ»፣ «በግ»፣ «ዓሣ» ብሎ በስሙ የጻፈው «እንስሳት» ብሎ ከጀመለው ይሻላል። ስሙን የጻፈ ቢያንስ ይጠየቅበታል።

አራተኛ፣ «እህል የሌለበት» እየተባለ በውድ የሚሸጠው አያጓጓችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ስታርች የመፍጨት ችሎታው ከተኩላ በጣም እንደበለጠ አሳይቷል። የአምባሰል ውሻ ገብስ በልቶ ያደረው በከንቱ አይደለም። እንዲያውም የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 እህል አልባ ምግቦች ከልብ ሕመም ጋር ይገናኙ እንደሆነ ምርመራ ጀምሮ ነበር።

አምስተኛ፣ ቀኑንና ከረጢቱን መርምሩ። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ የሚቸረቸረውን ባትገዙ ይሻላል፤ ስቡ አየር ሲያገኘው ይበላሻል፤ ቀኑም ዝርዝሩም አብሮ አይመጣላችሁም። (እኔ በፌስታል ቀድቼ ያመጣሁት ጉድ ምስክር ነው!) የእርጥበት ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ጣሉት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ከሻጋታ በሚመጣው አፍላቶክሲን ከተበከለ ምግብ ጋር በተያያዘ ከ110 በላይ ውሾች መሞታቸው ተገልጿል።

ስድስተኛ፣ መዝኑ! ሃያ ኪሎ የሚመዝን መደበኛ አዋቂ ውሻ በቀን 1,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ምግቡ በ100 ግራም 350 ካለው ወደ 285 ግራም ማለት ነው፤ 15 ኪሎ ከረጢት ከ50 ቀን በላይ ይሄዳል። ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ መቆጠር አለበት፤ በዓይን ግን መግጠጥ የለበትም። በ48 ላብራዶሮች ላይ በተደረገ የዕድሜ ልክ ጥናት ሩብ ያህል የተቀነሰላቸው ውሾች ከጥጋበኞቹ ወንድምና እህቶቻቸው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨምረዋል። ምግብ ስትቀይሩ ደግሞ በአንድ ቀን አይሁን፤ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ አሸጋግሩት። ንጹሕ ውሃም ከአጠገቡ አይጥፋ።

የእኛ በርሜል በዚህ ዓይነት በስምንት ወሩ ወገብ አወጣ።

«አንበሶስ?» አትሉኝም? ለአንበሶ ከረጢት አልላክሁለትም። ያ ዋጋ ለእናቴ መንደር አይሆንም፤ ቢላክም አንድ ቀን ይቋረጣል። ከባለሙያው ልጅ ጋር ተማክረን እዚያው ያለውን አስተካከልንለት። የገብስ ቅንጬ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ያልነካው የተቀቀለ አተር፣ በደንብ የፈላ ሳንባ፣ ሲገኝ እንቁላል ከነተፈጨ ቅርፊቱ። እንደ ፋብሪካው በሚሊ ግራም የተለካ አይደለም፤ ይኼን አልደብቃችሁም። ግን ምን እንዳለበት እናቴ ቆጥራ ታውቀዋለች። ለገና ስደውል «ድዱ ቀልቷል» አለችኝ። ለጥምቀት ስደውል ከጀርባዋ ጩኸቱ አላነጋግር ብሎን ስልኩን ዘጋነው።

እትዬስ? ያን ረቡዕ የሄዱት፣ ሐሙስ ጠዋት «ዛሬ ቡናው እኔ ቤት ነው» ብለው ልጅ ላኩብን። እናቴም ከንስሐ አባቷ ጥቂት ስግደት ተቀብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። የቡናው ቁርስ ቆሎ ነበር። እትዬ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ገብስ ነው፣ ሽምብራም አለበት» አሉኝ፤ «ሌላ የለውም።»

ቸር ሰንብቱ።